በትራያል ብስክሌት ክራንክ ላይ የሚወዛወዝ ፍሪዊል

ትራያል ብስክሌት እግር መሬት ሳይነካ በድንጋይና በመሰናክል ላይ የሚዘለልበት የስፖርት ብስክሌት ነው። በዚህ ብስክሌት ላይ ፍሪዊሉ (ፔዳል ሲረገጥ የሚይዘው፣ እግር ሲያርፍ ግን በነጻ የሚዞረው ዕቃ) ከኋላ ጎማ ላይ አይደለም። በቀኙ ክራንክ (ፔዳሉን በሚይዘው ክንድ) ላይ ነው። የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር አንድ ላይ ታስሯል። ስለዚህ ነጂው እግሩን ቢያሳርፍም ጎማው እስከዞረ ድረስ ሰንሰለቱ አይቆምም። የፍሪዊሉ የውጭ ቀለበትም አብሮ ይዞራል። ያኔ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ጥርሶቹ ወደ ግራና ቀኝ ሲወዛወዙ ያያል። ጀማሪ ሁሉ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ምንም አልሆነም።

ፍሪዊልን ወደ ፊት ማምጣት ከትራያል ውጭም ተሞክሯል። የጃፓኑ ሺማኖ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤፍ.ኤፍ.ኤስ. የሚባል ሥርዓት ሠርቶ ነበር። ፍሪዊሉ ክራንኩ ላይ ይቀመጣል፤ ሰንሰለቱ ሁልጊዜ ይዞራል። ዓላማው ፔዳል ሳይመቱ ማርሽ መቀየር ነበር። የኋላዎቹ ጥርሶች ደግሞ ድርቅ ብለው አልታሰሩም። ሱሪ ወይም እንጨት ሰንሰለቱ ውስጥ ቢገባ እንዲንሸራተቱ ተደርገው ነበር። ብልህ ሥራ ነው። ክብደቱ ግን ቀላል አልነበረም፤ በገበያም አልሰነበተም። የትራያል ብስክሌት ይህ መንሸራተቻ የለውም፤ የጫማ ማሰሪያን ወደ ውስጥ መሸጎጥ ግድ ነው።

ስፖርቱ ራሱ የስፔኗ ካታሎኒያ ልጅ ነው። የሞንቴሳ ሞተር ብስክሌት ኩባንያ ሰው የነበረው ፔሬ ፒ ለልጁ ለኦት ካዘጋጀው ትንሽ ብስክሌት ጋር ታሪኩ ይያያዛል። ኦት ፒ በኋላ ደጋግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የፊት ፍሪዊል ከዚያ በኋላ የስፖርቱ መለያ ሆነ።

ምክንያቱ የጥርስ ቁጥር ነው። የተለመደው የፊት ጥርስ 18 ነው። በ20 ኢንች ብስክሌት የኋላው 12፣ በ26 ኢንች ደግሞ 15 አካባቢ ይሆናል። 12 ጥርስ ያለው ቀለበት በጣም ትንሽ ስለሆነ ጠንካራ ፍሪዊል በውስጡ አይይዝም። 18ቱ ግን ይይዛል። የፊቱ ማነሱም ብስክሌቱ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ከሥር ክፍተት ይሰጣል። መያዣው በኋላ ሀብ (በኋላ ጎማ እምብርት) ውስጥ ቢሆን ይሻላል የሚሉም አሉ። በሂሳብ ልክ ናቸው፦ 72 መያዣ ነጥብ ያለው የፊት ፍሪዊል እስኪይዝ ድረስ ክራንኩ እስከ 5 ዲግሪ በባዶ ይሄዳል፤ ያው 72 ነጥብ በኋላ ሀብ ላይ፣ በ18 ለ15፣ 4.2 ዲግሪ ገደማ ነው። የፊቱን የለመደ እግር ግን በዚህች ልዩነት በቀላሉ አይሸነፍም።

ወደ ውዝዋዜው እንመለስ። ፍሪዊል ሁለት ቀለበት ነው። የውስጡ ክራንኩ ላይ ይጠመዘዛል፤ የውጩ ጥርሶቹን ይይዛል። በመካከላቸው የኩሽኔታ ብዮችና በስፕሪንግ የሚገፉ፣ ፔዳል ሲረገጥ የሚይዙ ትናንሽ ምላሶች አሉ። ሁሉንም የሚዘጋው ክዳን በግራ ጥምዝ (ወደ ግራ ሲዞር በሚጠብቅ) ይታሰራል። ከሥሩ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ብዮቹ ተጨናንቀው እንዳይያዙ ትንሽ ልልነት ይተዋል፤ ውዝዋዜው በአብዛኛው ይህ ነው። ከሮንዴላዎቹ አንዷን ማውጣት ልልነቱን ይቀንሳል። ከበዛ ግን ፍሪዊሉ ይጠብቅና በነጻ አይዞርም። የካሊፎርኒያው ዋይት ኢንደስትሪስ ኩባንያ የሚሠራው ኤኖ የተባለው ፍሪዊል በልል ብይ ፈንታ የታሸገ ኩሽኔታ ስለሚጠቀም እምብዛም አይወዛወዝም። ተፈትቶ መጠገኑም ያስመሰግነዋል።

ሌላው ምንጭ ክራንኩ ነው። ፍሪዊሉ 1.37 ኢንች ስፋትና በኢንች 24 ጥርስ ባለው ጥምዝ ላይ፣ ከፍሬሙ በኩል ይገባል። በዚህ አቅጣጫ እያንዳንዱ የፔዳል ምት የበለጠ ያጠብቀዋል። ሲገባ ቆሻሻ ካለ፣ ወይም ከጀርባው ያለው መከላከያ ቀለበት ድንጋይ መትቶት ከጎበጠ፣ ፍሪዊሉ ተጣሞ ይቀመጣል። ምቱም ጣመኑን ያጠናክረዋል። ከዚያ ክራንኩን አውልቆ፣ መፍቻውን ሞርሳ ላይ አስሮ መታገል ነው።

ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። ሰንሰለቱን አውልቆ ክራንኩን በአንድ እጅ መያዝ፣ በሌላው የውጩን ቀለበት በነጻው አቅጣጫ ማዞር ነው። ጥርሱ ከወዛወዘ ጉዳዩ የፍሪዊሉ ነው። ክራንኩ ሲዞር ብቻ ከሆነ ጥምዙን፣ መከላከያውን፣ ወይም የጎበጠ አክስልን መጠርጠር ነው። ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ታች የሚሄድ ከሆነ ጥርሶቹ ከመሃል ወጥተዋል። ምልክቱ በአንድ ዙር ውስጥ የሚጠብቅና የሚላላ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት የሚወጠረው በጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው፤ በልሉ ላይ የተወጠረ ብዮቹንና አክስሉን ይጎዳል።

በነጻ ሲዞር የሚታይ ውዝዋዜ ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው ፔዳል ሲረገጥ የሚመጣው ነው። ቀለበቱ ከመሃል ከወጣ ክብደቱ በአንድ ምላስ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ምላሱ ካመለጠ እግር በባዶ ይወርዳል፤ ጉልበትም መሪውን ያገኛል። ውዝዋዜውን ለማስታገስ ብለው ወፍራም ግራሶ የሚሞሉ አሉ። ድምፁ ይቀንሳል እንጂ ልልነቱ እዚያው ነው። ከዚህ ይልቅ ግራሶው ምላሶቹን ያጣብቃል፣ በተለይ በብርድ፤ የሚያመልጥ ምላስም ከዚህ ይመጣል። ቀጭን ዘይት ቶሎ ቶሎ መሞላት ቢፈልግም ምላሶቹን ፈጣን ያደርጋቸዋል።