ቴይሾኩ፦ የጃፓን የምሳ ገበታ

ቴይሾኩ በአንድ ትሪ ተሟልቶ የሚቀርብ የጃፓን ምግብ ነው፦ ሩዝ፣ ሚሶ (ከአኩሪ አተር የተብላላ ሊጥ) የገባበት ሾርባ፣ አንድ ዋና ማባያ፣ አንድ ሁለት ትንንሽ ማባያ፣ በጨው የሰነበተ አትክልት። «ጎሃን» የሚለው የጃፓንኛ ቃል የበሰለ ሩዝም ነው፣ ምግብም ነው፤ ለእነሱ ሩዝ ለእኛ እንጀራ እንደ ማለት። ዓሣውም ሥጋውም ጠንከር ያለ ጨው የሚኖረው ሩዙን ለማስበላት ነው። ዓሣውን ለብቻው ጨርሶ ሩዙን የሚተው እንግዳ «ጨው በዛ» ቢል አይፈረድበትም፤ አበላሉን ስቶ ነው እንጂ።

ትሪው ላይ ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ሩዙ በግራ፣ ሾርባው በቀኝ፣ ዋናው ማባያ ከኋላ ይቀመጣል፤ ቾፕስቲኩ ጫፉን ወደ ግራ አድርጎ ከፊት ይጋደማል። ከማባያዎቹ የተለመዱት ሳባ ሺዮያኪ የሚባለው በጨው የተጠበሰ ማኬሬል ዓሣ፣ ካራአጌ የሚባለው የዶሮ ጥብስ፣ በዝንጅብል የሚሠራው የአሳማ ሥጋ ሾጋያኪ ናቸው። «ሂጋዋሪ» የዕለቱ ምግብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው ቀለል ያለውና ቶሎ የሚደርሰው እሱ ነው።

በቶኪዮ ጊንዛና ማሩኖኡቺን በመሳሰሉ ሰፈሮች፣ ማታ ዋጋቸው የማይቀመስ ያማሩ ምግብ ቤቶች በምሳ ሰዓት ከ1,000 እስከ 1,500 የን ያበላሉ። ነገሩ ቸርነት አይደለም። ኪራዩ ቀን ተሠራም አልተሠራ ይከፈላል፤ ዋናው ትርፍ የሚገኘው ማታ ከመጠጥ ነው፤ ምሳው ለማታው ገበያ ማስታወቂያ ነው። ምርጫው ከሦስት ከአራት ዓይነት ስለማይበልጥ የሚጣል ነገር ትንሽ ነው፤ ለማታው ጥሬ ዓሣ ሲቆረጥ የተረፈው ቁርጥራጭም ሩዝ ላይ ተደርጎ ለምሳ ይቀርባል። የቢሮ ሠራተኛው በ20 ደቂቃ በልቶ ስለሚነሳ አንድ ወንበር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ያስተናግዳል። ደህና ቤት ለሚፈልግ ሰው ከመሬት በታችና ፎቅ ላይ ያሉት ይሻላሉ፤ ደረጃው አፍ ላይ የቆመው ሰሌዳ ምግቡንም ዋጋውንም ይናገራል።

ጥሩውን ቤት ከመናኛው የሚለየው ሾርባው ነው። መሠረቱ ዳሺ የሚባለው መረቅ ነው። 10 ግራም ያህል ኮምቡ፣ ማለትም የደረቀ የባሕር ተክል፣ በ1 ሊትር ውሃ 30 ደቂቃ ተዘፍዝፎ በቀስታ ይሞቃል፤ ሊፈላ ሲል ይወጣል። አብሮ ከፈላ ውሃው ያሟልጫል፣ ምሬትም ይመጣበታል። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ግራም ካትሱኦቡሺ፣ ማለትም ደርቆና ታጥኖ እንደ ወረቀት የሳሳ ዓሣ፣ ይጨመርና እሳቱ ጠፍቶ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይጠለላል። ኬሚስቱ ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. ግሉታሜት የተባለውን ጣዕም ሰጪ ንጥረ ነገር ለይቶ ጣዕሙን «ኡማሚ» ያለው ከዚሁ ከኮምቡ ነው። ሚሶው ለአንድ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ሆኖ መጨረሻ ላይ ይሟሟል፤ ከዚያ በኋላ ከፈላ መዓዛው ይጠፋል። ግርግር በበዛበት ቤት ድስቱ እሳት ላይ ስለሚቆይ መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ጨዋማና ሽታ አልባ ሾርባ ይጠጣል።

ማኬሬሉ ጨው ተነስንሶበት 20 ደቂቃ ይቆይና ያወጣው ውሃ በወረቀት ይጠረጋል። ካልተጠረገ ይሸታል፣ ቆዳውም አይደርቅም። አጠገቡ የሚቀመጠው የተፈገፈገ ነጭ ፍጅል ለጌጥ አይደለም፤ ስቡን ይቆርጣል። ሩዙም ከመብሰሉ በፊት ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ ከበሰለ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ተከድኖ ይቆይና በእንጨት ማንኪያ ይገላበጣል፤ አለዚያ ከሥር ይጓጉላል።

አንዳንድ ቤት መግቢያው ላይ ኩፖን የሚቆርጥ ማሽን አለ። ከጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡትን አዳዲስ የየን ኖቶች የማይቀበሉ አሮጌ ማሽኖች ስላሉ ሳንቲም መያዝ አይከፋም። ማሽን ከሌለ ሒሳቡ ሲወጡ ካሸር ጋ ይከፈላል፤ ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠት ልማድ አይደለም። ውሃው ወይም ሻዩ ነፃ ነው፤ አንዳንድ ቤት ሩዝ ማስጨመርም፣ «ኦካዋሪ»፣ አያስከፍልም። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ማቆም ለሟች የሚደረግ ነው፤ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ምግብ መቀባበልም አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ አጥንት የሚለቀምበትን ሥርዓት ስለሚያስታውስ ነውር ነው።

ከዓሣም ለሚጾም ሰው ጉዳዩ ከባድ ነው። ሾርባው ላይ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) እና አትክልት ብቻ ቢታይ እንኳ ዳሺው የዓሣ ነው፤ የተቀቀለው ጎመንም ብዙ ጊዜ በዚያው ውሃ ይሠራል። ከአልኮል ለሚታቀብ ደግሞ ሚሪን የሚባለው ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ስጎ ውስጥ ይገባል። ማዘዝ የሚያዋጣው ከመቀመጥ በፊት ጠይቆ ነው።

ምሳ የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5፡30 ገደማ ነው። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ሰልፍ አለ፤ የዕለቱ ምግብ በዚያው ሊያልቅ ይችላል። ብዙዎቹ 8 ሰዓት ላይ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ይዘጉና ማታ እስኪከፍቱ ድረስ ለእራቱ ይሰናዳሉ፤ የመጨረሻ ትእዛዝ ደግሞ ከመዘጋቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይቆማል።