ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት፦ አገጣጠሙና አነዳዱ

ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት የምንለው ተራ ባለ ፔዳል ብስክሌት ሆኖ ትንሽ የቤንዚን ሞተር በኋላ የተጨመረበትን ነው። ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 70 ሲሲ (የሲሊንደሩ ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር) ነው። ፔዳሉ እንዳለ ይቀራል፤ ሞተሩን ለማስነሳት፣ ዳገት ላይ ለማገዝ፣ ቤንዚን ሲያልቅም ቤት ለመድረስ ያስፈልጋል። ከፋብሪካ ተሠርቶ ከሚወጣው ሞፔድ (አነስተኛ ሞተር ሳይክል) የሚለየው ቸርኬው፣ ፍሬኑና ቴላዮው (ሁሉን የሚሸከመው የቱቦ አካል) ለእግር ጉልበት ብቻ የተሠሩ በመሆናቸው ነው። ሞተሩን ማሰር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ብስክሌቱን ለሞተሩ ብቁ ማድረግ ግን ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሰውን የሚጥለውም ይኼኛው ሲዘነጋ ነው።

ሐሳቡ የሞተር ሳይክልን ያህል ዕድሜ አለው። በብዙ ሰው እጅ የገባው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ ገንዘብም ቤንዚንም በጠፋበት ጊዜ ነው። በጣሊያን ቱሪን ውስጥ የተወጠነው 48 ሲሲ «ኩቾሎ» ሞተር በዱካቲ ፋብሪካ በብዛት ተመረተ። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1946 ገበያ ላይ የዋለው «ቬሎሶሌክስ» ሞተሩን ከፊት ጎማ በላይ ይሸከም ነበር፤ ከሞተሩ ጋር የሚዞር ትንሽ ሮለር ጎማውን እየተጫነ ያሽከረክረዋል። ቀላልና ርካሽ ዘዴ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ሮለሩ ጎማው ላይ ይንሸራተታል። ያም ሆኖ ቬሎሶሌክስ በሚሊዮኖች ተሸጧል።

በዚያው ዓመት ሶይቺሮ ሆንዳ በጃፓኗ ሐማማትሱ ከጦር ሠራዊቱ የተረፉ ትንንሽ የሬዲዮ ጄኔሬተር ሞተሮችን አግኝቶ ብስክሌት ላይ መግጠም ጀመረ። ለመጀመሪያው ሙከራ የቤንዚን ታንክ ያደረገው በብርድ ጊዜ አልጋ ማሞቂያ የሚሆን የሙቅ ውሃ መያዣ ነበር። የተረፉት ሞተሮች ሲያልቁ የራሱን ሠራ፤ «ኤ» የተባለው 50 ሲሲ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1947 ወጣ፣ ኩባንያውም በ1948 ተቋቋመ። ዛሬ በዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል አምራች የሆነው ሆንዳ የተነሣው ከዚህ ሥራ ነው።

በኩባ ደግሞ ነገሩ ከችግር ተወለደ። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ነዳጅ ሲጠፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መንግሥት ከቻይና ብስክሌት በብዛት አስገባ። ሕዝቡ የውሃ ፓምፕ፣ የዛፍ መቁረጫና የመድኃኒት መርጫ ሞተር እየፈታ በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ ገጠመ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስም ታንክ ሆነ። «ሪኪምቢሊ» ይሏቸዋል። ሕግ ባይፈቅዳቸውም መንገድ ላይ መታየታቸው አልቀረም።

ዛሬ የሚሸጠው ሞተር

አሁን በብዛት የሚገኘው ሙሉ ዕቃው በአንድ ካርቶን የሚመጣ የቻይና ባለ ሁለት ምት (ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ በወረደ ቁጥር ጉልበት የሚሰጥ) ሞተር ነው። በአሠራሩ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያመርቷቸው ከነበሩት «ዴ» የሚባሉ 45 ሲሲ የብስክሌት ሞተሮች ጋር በጣም ይመሳሰላል። ካርቶኑ ላይ «80 ሲሲ» ተብሎ ቢጻፍም ማመን አያስፈልግም፦ ሲሊንደሩ 47 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ፒስተኑ 38 ሚሊ ሜትር ምት ካለው ይዘቱ 66 ሲሲ ነው። አነስተኛው፣ 40 በ38 የሆነው፣ 48 ሲሲ ይሆናል። ሕጋቸው 50 ሲሲን ወሰን ባደረገ አገሮች ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። ባለ አራት ምት ሞተር የሚመርጡም አሉ፤ ዘይቱ ለብቻው ስለሆነ ጭሱም ድምፁም ይቀንሳል፣ ነገር ግን ይከብዳል፣ ሰፊ ቦታም ይፈልጋል።

አገጣጠም

ሞተሩ የሚቀመጠው በቴላዮው ሦስት ማዕዘን ውስጥ፣ ከፔዳሉ በላይ ነው። ከመቀመጫው በታች የሚወርደውን ቱቦና ከመሪው ወደ ፔዳል የሚወርደውን ቱቦ በሁለት ማሰሪያ ይይዛል። ስለዚህ ክብ የብረት ቱቦ ያለው ብስክሌት ይመረጣል። ወፍራምና ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ቱቦ ማሰሪያው አይገባለትም። አንዳንዱ ቱቦውን በስቶ በብሎን ያስራል፤ ይህን በፍጹም አልመክርም፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ቀዳዳ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የኋላ ቸርኬ ነው። ባለ 44 ጥርስ ኮሮና (ጥርሳም ክብ ብረት) ከራጂዎቹ (ከቸርኬው ቀጫጭን ሽቦዎች) ጋር በሁለት የላስቲክ ቀለበቶችና በዘጠኝ ብሎኖች ይጣበቃል፤ አንዱ ላስቲክ ከራጂው ውጭ፣ ሌላው ከውስጥ ይሆናል። ብሎኖቹ ትይዩ እየተመረጡ፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት እየጠበቁ ካልታሰሩ ኮሮናው ይዛባል። የተዛባ ኮሮና ሲዞር ከሞተሩ የሚመጣውን ካቴና (ሰንሰለት) አንዴ ያላላል አንዴ ይወጥራል፤ ካቴናው ይዘላል። ቸርኬውን በአየር ላይ አንሥቶ እያዞሩ ወደ ጎንም ወደ ላይና ወደ ታችም አለመወዛወዙን ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅም ሊቸኩሉበት አይገባም። አቅም ያለው ራጂውን የማይነካ፣ ከመሐል ቋቱ ጋር የሚታሰር መያዣ ይገዛል። ባለ 36 ወፍራም ራጂ ቸርኬም ከተራው እጅግ የተሻለ ነው።

ካቴናውን የሚወጥረው ትንሽ ተሽከርካሪ ደግሞ ከኋላው ቱቦ ጋር የሚታሰር ሲሆን፣ የዕቃው ሁሉ አደገኛ ክፍል እርሱ ነው። ማሰሪያው ከላላ ካቴናው ወደ ራጂው ይጎትተዋል፤ ያኔ የኋላ ጎማ በአንድ አፍታ ይቆልፋል። ስለዚህ ካቴናውን በልኩ ቆርጦ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ተሽከርካሪው በትንሹ ብቻ እንዲነካው ማድረግ ይበጃል። ያለ እርሱ መሥራት ከተቻለ ደግሞ ጨርሶ ማውጣት ነው።

ፍሬን ሳይነሣ አይታለፍም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ለ15 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚበቃ ሸራፋ የላስቲክ ፍሬን በ35 ምንም አይዝም። ከፊትም ከኋላም ጥሩ ፍሬን ሳይኖር ሞተር መግጠም ተገቢ አይደለም።

ሞተሩ ራሱ ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ይንቀጠቀጣል፤ ብሎን ሁሉ ይላላል። የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን)፣ የማርሚታው (የጭስ መውጫው) እና የማሰሪያዎቹ ብሎኖች ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ እንደገና ይጠበቃሉ። የማርሚታው ብሎኖች ቀጭን ስለሆኑ ማርሚታው በሌላ ማሰሪያ ካልተደገፈ ቶሎ ይቆረጣሉ።

ቤንዚንና ዘይት

እንዲህ ያለ ሞተር የራሱ የዘይት ቋት የለውም። ፒስተኑም ኩሽኔታውም (የሚሽከረከረውን ዘንግ የያዘው ቀለበት) የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር በተደባለቀው የሁለት ምት ዘይት ነው። ሞተሩ አዲስ ሲሆን ለ16 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት፣ ከተሟሸ በኋላ ለ20 ወይም ለ25 አንድ ይደረጋል። አምስት ሊትር ቤንዚን በ20 ለአንድ 250 ሚሊ ሊትር ዘይት ይፈልጋል። የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም። ድብልቁ ታንክ ውስጥ ሳይሆን በሌላ ዕቃ ተመትቶ ይጨመራል።

አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ሌላ ነገርም አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተርም (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው) ለዚህ አየር ቤንዚን ያበዛል፦ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይጨሳል፣ ካንዴላው (እሳት የሚጭረው) ይጠቁራል። መድኃኒቱ የካርቡራተሩን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ወይም ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ጉጥ ቀዳዳው ጠበብ ባለ መቀየር ነው። ካንዴላው ቡናማ ሲሆን ልኩ ነው፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሶታል፣ ሞተሩም በሙቀት ሊነክስ (ፒስተኑ ተጣብቆ ሊቆም) ይችላል።

አነዳድ

ቤንዚኑ ይከፈታል፣ ቾኩ ይሳባል፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከጎማው የሚያለያየው) ተጨብጦ በፔዳል ይጀመራል። ፍጥነቱ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ይለቀቃል፤ ጎማው ራሱ ሞተሩን አዙሮ ያስነሳዋል። ለመቆም እንደገና ፍሪሲዮን መጨበጥ ነው። ማርሽ መቀያየር የለም። በሞተሩ በኩል ባለ 10 ጥርስ ፒኞን (ትንሽ ጥርሳም ክብ)፣ በቸርኬው በኩል ባለ 44 ኮሮና ይዞ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ሲዞር ባለ 26 ኢንች ጎማ በሰዓት ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከዚህ በላይ ማስሮጥ ይቻላል፤ ሞተሩም ቸርኬውም ግን ብዙ አይቆዩም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ለስለስ አድርጎ መንዳት ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር ያላምደዋል።

ረጅም ቁልቁለት ላይ አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ጋዝ ተዘግቶ ጎማው ሞተሩን በፍጥነት ሲያዞረው ቤንዚን እምብዛም አይገባም፤ ቤንዚን ካነሰ ዘይትም ያንሳል። ከእንጦጦ ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው ፍሪሲዮኑን ጨብጦ በፍሬን መውረድ፣ ወይም አልፎ አልፎ ጋዝ እየነካ ሞተሩን ማርጠብ አለበት።

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። በብሪታንያ ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት እንደ ሞፔድ ወይም ሞተር ሳይክል ተቆጥሮ ምዝገባ፣ መድንና መንጃ ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ደንብ አለው። የትም ቢሆን ሞተር ከመግዛት በፊት የአካባቢውን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይቀድማል።

ከጉዞ በኋላ የቤንዚኑ መዝጊያ ይዘጋል። ክፍት ካደረ ቤንዚኑ በካርቡራተሩ በኩል ሾልኮ ሞተሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጠዋት ካንዴላው ረጥቦ ሞተሩ እምቢ ይላል። ያኔ ካንዴላውን ፈትቶ ማድረቅ፣ ቤንዚኑን ዘግቶ ጋዙን ሙሉ ከፍቶ ብስክሌቱን ትንሽ መግፋት፣ ከዚያም ካንዴላውን መልሶ ማስነሳት ነው።