የተማሪ መሪዎች ለወንዶች ልጆች ልብ ወለድ ሲመክሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአራት ኪሎ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምርና የአንባቢያን ክበቡን ስከታተል፣ የተማሪዎች ካውንስል አባላት በዕረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ የወደዱትን ልብ ወለድ ለጓደኞቻቸው የሚያስተዋውቁበት አጭር ዝግጅት ጀምረን ነበር። ያሳሰቡን በተለይ ወንዶቹ ተማሪዎች ነበሩ። ከወላጆችም፣ ከባልደረቦቼም፣ አንዳንዴም ከራሴ አንደበት ከሰማኋቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች ዋና ዋናዎቹን ከዚህ በታች እመለከታለሁ።

«ወንዶች ልጆች ልብ ወለድ አይወዱም።»

በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በወጣቶች ዘንድ እንዴት እየተሻሙ ይነበብ እንደነበር ያስታወሰ ሰው ይህን ለማለት ይቸግረዋል። ከዚያም በፊት ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ የመለሷቸው የስለላ ታሪኮች የዛሬዎቹ አባቶች በጉርምስናቸው ሌሊት በሻማ ጭምር ያነበቧቸው ናቸው። ልጆቹ የሚሸሹት ታሪኩን ሳይሆን ከታሪኩ በኋላ የሚመጣውን «የድርሰቱን ጭብጥ አብራራ» የሚል ጥያቄ ነው፤ ይህን ስል ጥያቄውን ለዓመታት ሳወጣ የኖርኩት እኔው መሆኔን አልዘነጋሁም።

«የተማሪ መሪ መምከር ያለበት ታላቅ ስም ያለውን መጽሐፍ ነው።»

ብዙ ጥፋት ያየሁት በዚህ ላይ ነው። መሪ የሆነ ልጅ መምህራን እንዲያመሰግኑት፣ እኩዮቹም እንዲያከብሩት ስለሚፈልግ፣ ያላነበበውን ወይም ግማሽ ላይ የተወውን መጽሐፍ ስም ይጠራና በጀርባ ሽፋኑ ላይ የሠፈረውን አድናቆት በቃሉ ይወጣል። ጎረምሶች ደግሞ ለአስመሳይነት የሰላ ጆሮ አላቸው። የመጀመሪያው ተናጋሪያችን ስለ አንድ ዝነኛ ድርሰት «ጥልቅ ፍልስፍና ያዘለ» ብሎ ሲጨርስ፣ መጽሐፉን ሊዋስ የመጣ አንድም ወንድ ተማሪ አልነበረም።

ይኸው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ይዞ መጣ፤ ይህን ግን በእርግጥ አንብቦት ነበር። ተራኪው ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ መሆኑን፣ ደርግ በኤርትራ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደ አስመራ መላኩን፣ በዚያም ከፊያሜታ ጋር ፍቅር ሲጀምር ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ መለየት እየከበደው መሄዱን ነገራቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት የስብሰባ ክፍሎች እንዳሰለቹትና ጥቂት ገጾች ዘሎ እንዳለፈም አልደበቀም። ከዚያ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አለመመለሱን ጨመረበት። በዚያን ቀን በክበቡ በር ላይ የተሰለፉትን ልጆች ሳይ፣ ሰልፉን ያመጣው የመጽሐፉ ዝና ሳይሆን ተናጋሪው ገጽ መዝለሉን ማመኑ ይመስለኝ ነበር። ጓደኛው የሰለቸውን ሳይደብቅ የነገረው ልጅ፣ ወደድኩት ያለውንም ያምነዋል።

«ፍቅር እስከ መቃብር የፍቅር ታሪክ ስለሆነ የሴቶች መጽሐፍ ነው።»

ርእሱ ያሳስታል እንጂ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ፍቅር ጎን ለጎን የአንድን ሥርዓት መንገዳገድ የሚያሳይ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በገዛ ገበሬዎቻቸው ላይ ዘምተው መማረካቸውን፣ እንዲሁም የዘመኑን ልማድ የሚተች ካሳ የተባለ የተማረ ሰው «ጉዱ ካሳ» ተብሎ እንደ እብድ መቆጠሩን የሰማ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መጽሐፉን ቢያንስ ገለጥ ማድረጉ አይቀርም። በእርግጥ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ይህንንም ከልጁ መደበቅ አይገባም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው መኖሩ ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ ትልቅ እገዛ ነው፤ ጥቂት ምዕራፎችን በጆሮው ሰምቶ ቀሪውን በዓይኑ ቢቀጥል፣ ማንበብ ሳይሆን ማታለል ነው የሚሉ ባልደረቦቼ ቢኖሩም እኔ ነውር አላየሁበትም።

«ወንዶች የሚሰሙት ወንድ መሪን ብቻ ነው።»

በእኛ ክበብ ይህ አልሆነም። የካውንስሉ ጸሐፊ የነበረችው ተማሪ የፍቅረማርቆስ ደስታን «ከቡስካው በስተጀርባ» ስታስተዋውቅ ስለ ሐመር ማኅበረሰብ የጥያቄ ናዳ ያወረዱባት ወንዶቹ ነበሩ።

«ልብ ወለድ ከፈተና ያዘናጋል።»

ከወላጆች ጋር በተሰበሰብን ቁጥር የሚነሳ ስጋት ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በቀረበባቸው ሳምንታት ደግሞ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛው ፈተና ረዘም ያለ ምንባብ አንብቦ የመረዳት ጥያቄ የሚቀርብ ሲሆን፣ በተከታታይ ሃያ ገጽ አንብቦ የማያውቅ ተማሪ አንድ ገጽ ምንባብ ሲያጋጥመው ገና ሳይጀምር ይደክማል። በዓመቱ መጀመሪያ ልብ ወለድ መከልከል ለፈተና ጊዜ የሚያተርፈው ነገር የለም።

«የመጽሐፍ ዋጋ ስለተወደደ ምክሩ ከንቱ ነው።»

የመጽሐፍ ዋጋ መወደዱ እውነት ነው፤ ምክሩ ከንቱ ነው መባሉ ግን ስሕተት ነው። በመሀል አዲስ አበባ ለሚማር ልጅ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አራት ኪሎ ነው፤ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ አዟሪዎችም በአካባቢው አይጠፉም። የሚሻለው ግን መካሪው የራሱን ቅጂ ይዞ መምጣቱ ነው። መጽሐፉ በተዋወቀበት ቅጽበት በሰሚው ላይ ያደረው ጉጉት ቅዳሜ ድረስ ላይቆይ ስለሚችል፣ ጠያቂው ልጅ ዕለቱን በእጁ ሊይዘው ይገባል። እኛ በአንድ ደብተር ላይ መጽሐፉን የተዋሰውን ልጅ ስምና የመመለሻ ቀን እንጽፍ ነበር፤ «ኦሮማይ» አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበረን ወረፋው እስከ ሰኔ ደረሰ፤ ቅጂው ሲመለስም ሽፋኑ በፕላስተር ተለጣጥፎ ነበር።