3-3 የሆነው ቡድን ከ5-1 በላይ ለምን ይቀመጣል?

በአሜሪካ ኮሌጆች የአሜሪካን ፉትቦል (በሞላላ ኳስ የሚደረገው ጨዋታ) ዲቪዚዮን 3፣ ማለትም በሦስተኛው እርከን፣ የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ «5-1» የአንድ ጨዋታ ውጤት አይደለም፤ አምስት ድል፣ አንድ ሽንፈት ማለት ነው። ግራ የሚያጋባው ሁለት ዓምድ መኖሩ ነው፦ የኮንፈረንስ (ቡድኑ የሚወዳደርበት የኮሌጆች ምድብ) እና አጠቃላይ። ደረጃ የሚወጣው በኮንፈረንሱ ብቻ ነው። በአጠቃላይ 3-3፣ በኮንፈረንስ 3-0 የሆነ ቡድን፣ በአጠቃላይ 5-1፣ በኮንፈረንስ 2-1 ከሆነው ይበልጣል፤ ሦስቱም ሽንፈቶቹ ከኮንፈረንሱ ውጭ የደረሱ ናቸውና ዋንጫውን አያሳጡትም።

በውድድሩ አጋማሽ ደግሞ አንዳንዱ ቡድን የዕረፍት ሳምንቱን ስለወሰደ የጨዋታው ቁጥር አይመጣጠንም። ስለዚህ ከድሉ ይልቅ ሽንፈቱን ቁጠሩ፤ የቀረ ጨዋታ ገና ድል ሊሆን ይችላል፣ ሽንፈት ግን አይሰረዝም። ሁለት ቡድኖች እኩል ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ ያደረጉት ጨዋታ ይለያቸዋል።

የአብዛኞቹ ኮንፈረንሶች ሻምፒዮን ከ2024 ጀምሮ 40 ቡድኖች ወደሚሳተፉበት ብሔራዊ ጥሎ ማለፍ በቀጥታ ይገባል። በምርጫ ለሚገቡት ግን አጠቃላይ ውጤቱም ይመዘናል።