ፒየርና ዣን፦ በሞፓሳን ልብ ወለድ የሁለት ወንድማማቾች ተቃርኖ

«ፒየርና ዣን» ፈረንሳዊው ጊ ደ ሞፓሳን እ.ኤ.አ. በ1887 የጻፈው ልብ ወለድ ነው። ከዲሴምበር 1 ቀን 1887 ጀምሮ «ላ ኑቬል ሬቩ» በተባለ መጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ በጃንዋሪ 1888 ደግሞ ኦሌንዶርፍ የተባለው አሳታሚ በመጽሐፍ አወጣው። ዘጠኝ ምዕራፎች ብቻ ያሉት አጭር ሥራ ነው። በፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የማይመሳሰሉ ወንድማማቾች ብዙ ናቸው። በቪክቶር ሁጎ «ኖትር ዳም ደ ፓሪ» ጭምቱ ቄስ ክሎድ ፍሮሎና ቀበጡ ታናሽ ወንድሙ ዤአን አሉ፤ በባልዛክ «ላ ራቡዬዝ» ደግሞ ወታደሩ ፊሊፕና ሠዓሊው ዦዜፍ ብሪዶ። በእነዚህ ሥራዎች የወንድማማቾቹ ልዩነት የጠባይ ጉዳይ ነው። በሞፓሳን ዘንድ ግን ልዩነቱ ራሱ የታሪኩ ምስጢር ነው፤ ምስጢሩም ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ሁሉም እያየው ማንም ሳያስተውለው ይቀመጣል።

የወንድማማቾቹ አባት ሮላን በፓሪስ የጌጣጌጥ ነጋዴ ነበር። ለኑሮ የሚበቃውን ካጠራቀመ በኋላ ባሕርና ዓሣ ማጥመድ ስለሚወድ ሱቁን ትቶ በወደቡ ከተማ በሌ ሃቭር ሰፍሯል። የ48 ዓመቷ ሚስቱ ልዊዝ ቁጠባ የምታውቅ፣ ልብ ወለድና ግጥም የምትወድ ሴት ናት። ልጆቻቸው ትምህርታቸውን ጨርሰው ከፓሪስ የተመለሱት በቅርቡ ነው። ፒየር 30 ዓመቱ ነው፤ ሐኪም ሆኗል። ዣን 25 ዓመቱ ነው፤ ሕግ ተምሯል።

ሞፓሳን ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ይሥላቸዋል። ፒየር ጥቁር ፀጉር አለው፤ ጢሙንና አገጩን ተላጭቶ የጉንጩን ሪዝ ብቻ እንደ ዳኞች አሳጥሮ ትቷል። ዣን ረጅም፣ ወርቃማ ፀጉርና ሙሉ ጢም ያለው ነው። ፒየር ግልፍተኛ፣ ብልህ፣ ቂመኛ፣ በሐሳብ የሚብሰለሰል ሰው ነው፤ ሕክምና ላይ ከመርጋቱ በፊት ደጋግሞ ሙያ ቀያይሯል። ዣን ረጋ ያለና ለስላሳ ነው፤ ያለ አንዳች መንገራገር ትምህርቱን ቀጥ ብሎ ጨርሶ፣ አምስት ዓመት ከሚበልጠው ወንድሙ ጋር በአንድ ጊዜ ተመርቋል።

ይህን ዝርዝር ደራሲው የሰጠው ፍርድ አድርጎ መቀበል አንባቢን ያሳስታል። ዝርዝሩ ቤተሰቡ ለዓመታት ሲደጋግመው የኖረ ወሬ ነው። ወላጆቻቸው የዣንን ጨዋነት ለፒየር መገሠጫ አድርገውት ኖረዋል፤ «እንደ ወንድምህ ሁን» እየተባለ ያደገ ልጅ የዣንን ልስላሴ ስንፍና፣ ደግነቱን ቂልነት፣ ቅንነቱን ዕውርነት እያለ በልቡ ተርጉሞታል። ቅናቱ የጀመረው በአምስት ዓመቱ ነው፤ ያኔ ሕፃን ድንገት በእናትና አባቱ እቅፍ ገብቶ ቦታውን ወሰደበት። አብረው ካደጉ ወንድማማቾች የማይጠፋ፣ ጠብ እስኪነሣ የሚያደባ ቅናት ነው። ኋላ ለዣን የሚደርሰው ውርስ ባይመጣ ምናልባት ዕድሜ ልኩን እንዳደባ ይኖር ነበር።

የቀዘፋው ትዕይንት

መጽሐፉን ለማንበብ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት ረጋ ብሎ ሊያነበው የሚገባው ክፍል በምዕራፍ አንድ ከዓሣ ማጥመድ ሲመለሱ ያለው ቀዘፋ ነው። በአባትዬው ጀልባ በ«ላ ፔርል» ላይ እንግዳ አለች፦ የ23 ዓመቷ ማዳም ሮዜሚዪ፣ የመርከብ አዛዥ ባሏ የሞተባት ቆንጆ ወጣት። ወንድማማቾቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መቅዘፊያ ይዘው በእሷ ፊት ይፎካከራሉ። ፒየር በመጀመሪያዎቹ ምቶች በኃይል ስለሚስብ ጀልባዋ ወደ አንድ ወገን ትዞራለች፤ አባትየው እኩል እንዲቀዝፉ ደጋግሞ ይጮኻል። ጥቂት ቆይቶ ፒየር ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ጎኑን ይወጋዋል፣ ፊቱ ይገረጣል። በዝግታ የጀመረው ዣን ግን በዚያው መጠን ይቀጥላል። የመጽሐፉ አካሄድ በሙሉ እዚህ አለ፤ ቀድሞ የሚነሣው፣ የሚመረምረውና የሚታገለው ፒየር ነው፣ በመጨረሻ ቦታውን የሚይዘው ዣን ነው።

ውርሱና ጥርጣሬው

በዚያው ምሽት የውል አዋዋዩ ሌካኑ ዜና ይዞ ይመጣል። በፓሪስ ሳሉ የቤተሰቡ ወዳጅ የነበረውና በገንዘብ ሚኒስቴር የክፍል ኃላፊ የነበረው ሌዎን ማሬሻል ሞቷል፤ ልጅ የለውም፤ ሀብቱን ሁሉ ለዣን ተናዝዟል። ሀብቱ 3 ከመቶ ወለድ በሚከፈልባቸው የዕዳ ሰነዶች የተቀመጠ ሲሆን በዓመት ወደ 20,000 ፍራንክ ያስገኛል። ሰነዶቹ በላያቸው በተጻፈው ዋጋ ቢሰሉ 667,000 ፍራንክ ገደማ መሆናቸው ነው። ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ሐኪም ይህ በአንድ ሌሊት ወንድሙን ከአጠገቡ የሚያርቅ ገንዘብ ነው።

ፒየር ወደ ጥርጣሬ የሚደርሰው በሌሎች አፍ ነው። የፖላንድ ስደተኛው ሽማግሌ ባለ መድኃኒት ቤት ማሮቭስኮ ዜናውን ሲሰማ ነገሩ በሰው ዘንድ መልካም እንደማይመስል ይናገራል። የቢራ ቤቷ አስተናጋጅ ደግሞ ወንድሙ እሱን አለመምሰሉ አያስገርምም ትለዋለች። ቃሉ እንደ ዋዛ የተጣለ ነው፤ ፒየር ግን ሊጥለው አይችልም። ከዚያ በኋላ ምርመራው የሐኪም ምርመራ ይሆናል። ማሬሻል መጀመሪያ ያወቀው እሱን ነው፤ በሦስት ዓመቱ በጠና ሲታመም ቤተሰቡን የረዳው ይኸው ሰው ነበር። ታዲያ ለሁለቱም እኩል ያላወረሰው ለምንድን ነው? ማሬሻል ፀጉሩ ወርቃማ ነበር። ድሮ በፓሪሱ ሳሎን የነበረው ትንሽ ሥዕሉስ የት ገባ? እናቱ ሥዕሉን ለማውጣት ስትዘገይ ፒየር መልሱን ከመዘግየቷ ያነባል፦ ዣን የማሬሻል ልጅ ነው።

ተቃርኖው ሥራውን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በምዕራፍ አንድ እንደ ተራ ገለጻ ያለፍነው የፀጉር ቀለም ማስረጃ ሆኖ ይመለሳል። ልዩነታቸው ለፒየር የበታችነቱ ምክንያት ነበር፤ አሁን የእናቱ ኃጢአት ምልክት ሆኗል።

ሞፓሳን ፒየርን ቅዱስ አያደርገውም፤ የመጽሐፉ ታላቅነትም እዚህ ነው። ጥርጣሬው እውነት ነው፣ ግን የተነሣው ከቅናት ነው። እውነቱን ካወቀ በኋላ እናቱን እንደ ዳኛ ያሠቃያታል፤ በዓይኑ፣ በአሽሙሩ፣ በድንገተኛ ጥያቄዎቹ። የእሷን ፍርሃት ለመረዳት የዘመኑን ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። በ1804ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተጸነሰ ልጅ አባቱ ባልየው ነው፤ ስለዚህ ዣን በወረቀት ላይ የሮላን ልጅ ነው። በ1810ሩ የወንጀል ሕግ ግን በባሏ ላይ የማገጠች ሚስት ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራት ይጠብቃት ነበር። ፍቺም ቢሆን ወደ ሕጉ የተመለሰው ገና በ1884 ነው።

ዣን ሲፈተን

በምዕራፍ ሰባት፣ በዣን አዲስ መኖሪያ ቤት፣ ሁለቱ በማዳም ሮዜሚዪ ምክንያት ይጣላሉ። ዣን ወንድሙን ቀናተኛ ብሎ ይከሰዋል፤ ፒየር ያፈነውን ሁሉ ያፈነዳዋል። እናታቸው በሚቀጥለው ክፍል ሆና ሰምታለች። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ብዙ አንባቢ ሳያስተውል ያልፈዋል፤ ፒየር ወጥቶ ሲሄድ ተራኪው አይከተለውም፣ ከዣን ጋር ይቀራል። እስከዚህ ድረስ በአብዛኛው በፒየር ዓይን ስናይ ቆይተን ድንገት ከእሱ ተነጥለን በውስጠኛው ክፍል እንገኛለን፤ የእናትየዋን ኑዛዜም የሚሰማው ዣን ነው። ምስጢሩን የቆፈረው አንዱ፣ የተነገረው ሌላው።

ዣን እናቱን አይፈርድባትም፤ ያቅፋታል፣ ይሸፍንላታል። ርኅራኄው እውነተኛ ነው። ከዚያ ብቻውን ሲሆን ግን የሕግ ትምህርቱ ይመጣል። ገንዘቡን ቢመልስ ድህነት አለ፣ ጋብቻውም ይፈርሳል። ስለዚህ እንዲህ ያስባል፦ የሮላን ልጅ አይደለሁምና የሮላንን ውርስ ለወንድሜ እተዋለሁ፤ የማሬሻል ልጅ ነኝና የማሬሻልን እወስዳለሁ። ሒሳቡ ይዘጋል፣ ኅሊናው ያርፋል። ለማዳም ሮዜሚዪ የጋብቻ ጥያቄ ያቀረበውም በሴን ዡዋን ዳርቻ ሽሪምፕ ሲያጠምዱ ነው፤ እሷም በአለት ላይ ተቀምጣ እንደ ሥራ ጉዳይ በጥሞና ተነጋግራ ጨረሰች። ዣን የሚያገባት ሴትም ልክ እንደ እሱ ናት።

ፒየርን ከቤት የሚያስወጣው ሐሳብም የሚፈጸመው በዣን ነው። «ሎሬን» በተባለችው አትላንቲክ ተሻጋሪ መርከብ የሐኪም ቦታ እንዲያገኝ ደብዳቤዎች ይሰበሰባሉ፤ ፒየርም ይቀበላል። ኤሳው ብኩርናውን ለምስር ወጥ የሸጠው ርቦት ነው። ፒየር ግን ምንም ሳይሸጥ፣ ሕጋዊው በኩር ልጅ ሳለ፣ የመርከብ ጠባብ አልጋ ይደርሰዋል፤ ከሌላ ሰው የተወለደው ታናሹ ቤቱን፣ ገንዘቡን፣ ሴቲቱንና የእናትየዋን ፍቅር ይዞ ይቀራል። መርከቡ ላይ አሜሪካ የሚሻገሩትን ድሆች ስደተኞች ሲያይ የሚያዝንላቸውም ቀድሞ ያላየውን የሚያይ ዓይን ስላገኘ ነው። አባትየው ሮላን እስከ መጨረሻው ምንም አያውቅም፤ በማሬሻል ደግነት ከልቡ ይደነቃል።

ከልብ ወለዱ ጋር «ልብ ወለድ» የሚል ርእስ ያለው ድርሰት በመቅድምነት ታትሟል። ሞፓሳን በዚያ የሰውን ውስጥ የሚተነትን ልብ ወለድና ውስጡን በድርጊት ብቻ የሚያሳይ ልብ ወለድ ይለያል፤ የእሱ ዝንባሌ ወደ ሁለተኛው ነው። ይሁንና መቅድሙ ተከትሎት ያለውን ታሪክ ለማስረዳት እንዳልተጻፈ ራሱ ስለሚናገር እንደ ቁልፍ መያዝ አይገባም። በመጽሐፉ ሁለቱም መንገዶች አሉ። ዣንን የምናውቀው በአብዛኛው በሚሠራው ነው፣ ቢያንስ እስከ ምዕራፍ ሰባት ድረስ፤ ፒየርን የምናውቀው በወደቡ ግንብ ላይ ሌሊት እየተመላለሰ ራሱን ሲመረምር ነው። መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያነብ ሰው ከምዕራፍ አንድ እስከ ስድስት ዣንን ብቻ እየተከተለ ቢያነብ፣ ለስላሳው ልጅ የሚፈልገውን ሳይጠይቅ ስንት ጊዜ እንዳገኘ ያያል።