«የእንቁላል መጠን» ሲባል ምኑ ነው የሚለካው?

ስለ ዱር ዘማሪ ወፎች በሚጻፉ ጽሑፎች «መጠን» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ክብደት ሳይሆን ይዘት፣ ማለትም ቮሊዩም ነው። እንቁላል ከተጣለበት ቀን ጀምሮ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውሃ እየተነነበት ይቀልላል፤ እስኪፈለፈል ከክብደቱ 15 በመቶ ገደማ ያጣል። ርዝመቱና ስፋቱ ግን አይለወጡም። ስለዚህ ርዝመቱና ስፋቱ በካሊፐር (ጥቃቅን ርቀቶችን በሚለካ የእጅ መሣሪያ) ተለክቶ 0.51 × ርዝመት × ስፋት × ስፋት ይሰላል። ርዝመቱ 18፣ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር የሆነ እንቁላል 1.55 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ስፋቱን በግማሽ ሚሊ ሜትር ብትስቱ ውጤቱ በ8 በመቶ ያህል ይዛባል፤ ስፋት በቀመሩ ሁለት ጊዜ ይገባልና።

በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚታየውን የእንቁላል መጠን ልዩነት በዋናነት የምትወስነው እናቲቱ ናት። ትልልቅ የምትጥል ወፍ በሚቀጥለው ዓመትም ብዙውን ጊዜ ትልልቅ ትጥላለች፤ ባሕርዩም በእጅጉ ይወረሳል። ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ምግብን ነው፤ ተጨማሪ ምግብ ያገኙ ወፎች ግን ብዙ ጊዜ ትልልቅ እንቁላል ከመጣል ይልቅ ቀደም ብለው መጣል ይጀምራሉ። በአንድ ጎጆ ውስጥ ለሚታየው ልዩነት ደግሞ እንቁላሉ በሚሠራባቸው ጥቂት ቀናት የነበረው ቅዝቃዜና የአጣጣሉ ተራ ድርሻ አላቸው። የመጨረሻው እንቁላል በአንዳንዱ ዝርያ ትልቁ፣ በሌላው ትንሹ ነው፤ አንዱን ብቻ ለክቶ ስለ ጎጆው ሁሉ መናገር አያስኬድም።