ፊልሙ ላይ ያለው «አሸዋ» ቆሻሻ አይደለም

ቱሉ ዲምቱ፣ ጎረቤቴ ኮንዶሚኒየም ቁጭ ብለን የድሮ ፊልም በብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል በሚይዝ ዲስክ) ስናይ «ኤችዲ ነው አላልክም እንዴ? ይሄ አሸዋ ምንድን ነው?» አለኝ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አሸዋው ግሬይን ይባላል። በካሜራ ጥቅል ፊልም ላይ ምስል የሚቀረጸው ብርሃን በሚነካቸው ጥቃቅን የብር ውህድ ቅንጣቶች ነው (በቀለም ፊልም ብሩ ታጥቦ በቦታው ማቅለሚያ ይቀራል)፤ በየፍሬሙ የተበተኑበት ቦታ ስለሚለያይ የሚርመሰመስ ይመስላል እንጂ ምስሉ ራሱ የተሠራው ከዚያ ነው። ዲቪዲ ያድበሰብሰዋል። ብሉሬይ ግን 1920 በ1080 ነጥብ ስላለው ያሳይሃል፤ 4ኬ ደግሞ አራት እጥፍ ነው፣ 3840 በ2160።

አንዳንድ አሳታሚዎች ታዲያ ግሬይኑን በሶፍትዌር ያጥቡታል። ችግሩ፣ ሶፍትዌሩ ግሬይንና የቆዳ መስመር መለየት ይቸግረዋል፣ ሲበዛ ሁለቱንም ይጠርጋል፣ ፊቱም የሰም አሻንጉሊት ይመስላል። ዲስኩ ላይ እንዲህ ከታተመ በኋላ 4ኬ ቲቪ ብትገዛም የጠፋው አይመለስም።

ጎረቤቴ አላመነኝም። ቲቪው ላይ «ኖይዝ ሪዳክሽን» (አሸዋ ቀናሽ) የሚለውን እስከ ጥግ ከፍቶ «አሁን ጠራ!» አለ። «እስቲ ጺሙን እየው» አልኩት። የተዋናዩ ጺም ገንፎ ሆኗል። አጠፋሁት፣ ፀጉሩ አንድ በአንድ ተመልሶ መጣ።